ከማሠልጠኛው ድምፁ ሲጠፋ

ልጅ ወደ ወታደር ማሠልጠኛ ከሄደ በኋላ በቤት ውስጥ ብዙ ነገር ይለወጣል። የእናት ስልክ ቻርጅ አይጎድለውም። በጉባኤ መካከል “ስልካችሁን አጥፉ” ሲባል ድምፁን ትቀንሳለች እንጂ አታጠፋውም። የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። አባት ምንም ያልመሰለው ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ ጉዳይ መናኸሪያ ደርሶ መመለስ ያበዛል። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው፦ “ደኅና ነኝ።”

ይህ መጠበቅ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ አዲስ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት እንዲጠሩ ተደነገገ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ሸኝቶ ደብዳቤ ጠበቀ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ራሱ ወደ ደቡብ ጎንደር መጣ፤ ነፋስ መውጫ ተያዘች፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር የልጅ ዝምታ በወላጅ ጆሮ ተራ ዝምታ አይደለም። ያለፈውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

እሴይም ጠብቆ ነበር

በመጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ የማያውቅ የለም። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ሽማግሌ አባት ግን ብዙዎቻችን አልፈነው እንሄዳለን። በ1ኛ ሳሙኤል 17 እንደምናነበው የእሴይ ሦስት ታላላቅ ልጆች፣ ኤልያብ፣ አሚናዳብና ሣማ፣ ከሳኦል ጋር ወደ ሰልፍ ሄደው ነበር። ጎልያድ አርባ ቀን ጠዋትና ማታ እየወጣ ሲፎክር፣ አባታቸው ቤተ ልሔም ተቀምጦ ስለ ልጆቹ ያስብ ነበር።

እሴይ ምን አደረገ? የተጠበሰ እህልና አሥር እንጀራ ለልጆቹ፣ አሥር አይብ ደግሞ ለሻለቃቸው አዘጋጀ። ትንሹን ልጁን ጠርቶ የወንድሞቹን ደኅንነት እንዲያይና ምልክት ይዞለት እንዲመለስ ላከው። በሶና ቆሎ ቋጥራ “ለልጄ አድርሱልኝ” የምትል የፋርጣ ወይም የጋይንት እናት ይህን አባት ሳታውቀው አትቀርም። ከሁሉ ይልቅ የሚያጽናናን ግን ይህ ነው፤ ቅዱስ ቃሉ እሴይን “ለምን ተጨነቅህ? እምነትህ የት አለ?” ብሎ አልወቀሰውም። ወሬ መጠየቅ፣ ስንቅ መላክ፣ ምልክት መፈለግ አለማመን አይደለም። የሚያስብ አባት ሥራ ነው። እግዚአብሔርም ያንን የስንቅ መንገድ ለትልቅ ዓላማ ተጠቀመበት።

ልጁ ለምን አይደውልም?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሠልጣኝ ጊዜው በእጁ አይደለም። ሳይነጋ ይነሣል፤ ሩጫ፣ ሰልፍ፣ የመሣሪያ ትምህርትና የጥበቃ ተራ አለበት። ስልክ መያዝም እንደ ማሠልጠኛው ደንብ ነው፤ ከሠልጣኞች ተሰብስቦ ሊቀመጥ ይችላል። ቢፈቀድም ኔትወርክ፣ ካርድና ባትሪ የሚገጣጠሙበት ሰዓት ጥቂት ነው።

ቦታውም ሩቅ ነው። ብር ሸለቆ በምዕራብ ጎጃም፣ ጦላይ በጅማ ዞን፣ ሁርሶ በድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ብላቴ በደቡብ ይገኛሉ። ከጉና ብርድ ሥር ያደገ ልጅ ቆላ ሲወርድ ሙቀቱን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ወባም የደጋን ልጅ ይበልጥ ታጠቃዋለች፤ ሰውነቱ አልለመዳትምና። ስለዚህ ገና ሳይሄድ ወይም በደወለ ጊዜ፣ አጎበር እንዲጠቀም፣ ትኩሳት ከተሰማው “ይሻለኛል” ብሎ ሳይደብቅ ወዲያው ወደ ሕክምና እንዲሄድ መንገር ይበጃል።

ዝምታን በክፉ መተርጎም

ታሪካችን በዚህ ረገድ ከባድ ትምህርት ትቶልናል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ ይሠሩ ነበር። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን መልስ ሳይሰጠው ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። ንጉሡ ጠበቁ። ዝምታውንም ንቀት አድርገው ቆጠሩት። ሌሎች ምክንያቶችም ተጨምረው ቆንስላው ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። መልሱን የያዘው ራሳም ንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ነገሩ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በምን እንደ ተፈጸመ ሁላችን እናውቃለን።

ቢሮ ውስጥ የተረሳ ወረቀት ንቀት መሰለ። በቤታችንም እንዲሁ ነው። ያልተደወለ ስልክ በእናት ልብ ሞት ይሆናል፤ በአባት ልብ ደግሞ “ረሳን፣ ናቀን” ይሆናል። ዝምታ ራሱ ግን ምንም አልተናገረም። የተናገረው የእኛ ፍርሃት ነው።

ለባልና ሚስት

መጠበቅ ባልና ሚስትን አንድ ያደርጋል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን ይለያያቸዋል። እሷ ታለቅሳለች፣ ትናገራለች፣ እንቅልፍ ታጣለች። እሱ ዝም ይላል፣ ሥራ ያበዛል። እሷ “አንተ ምን ገዶህ!” ስትል እሱ “አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ” ይላል። ልጁን የፈቀደው አንዱ፣ የተቃወመው ሌላው ከሆነማ ነገሩ ይብሳል፤ “አንተ ነህ የላክኸው” የሚል ቃል ለዓመታት የማይድን ቁስል ይተዋል።

ወገኖቼ፣ ያን ቃል አትናገሩት። ይልቁንም በቀን አንድ ሰዓት ወስኑና ስለ ልጃችሁ አብራችሁ ተነጋገሩ፤ በስሙ ጠርታችሁ አብራችሁ ጸልዩ። ባል ሆይ፣ አንተም መፍራትህን ንገራት። ብቻዋን እንዳልሆነች ማወቋ ከብዙ ምክር ይሻላታል። ሚስት ሆይ፣ ዝምታውን ግድየለሽነት አታድርጊበት። ቤት የቀሩትንም ልጆች አትርሱ። እነርሱም ወንድማቸውን ይጠብቃሉ፤ የእናንተንም ፊት ያነብባሉ።

ማድረግ የሚገባን

ከአብሮ አደጎቹ አንዱ አብሮት ሄዶ ከሆነ የዚያን ልጅ ወላጆች ፈልጉ። አንዱ ሲደውል ለሁለቱም ቤት ይሆናል። ጊዜው ከረዘመ የተመዘገበበት ቢሮ ሄዳችሁ በትዕግሥት ጠይቁ፤ የሄደበትን ቀንና ማሠልጠኛውን ጽፋችሁ ያዙ። በግጭት ምክንያት የተለያዩ ቤተ ሰቦችን ለማገናኘት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አገልግሎት እንዳለውም እወቁ።

“ልጅህ ታሟል፤ ቶሎ በቴሌብር ገንዘብ ላክ” የሚል ያልታወቀ ሰው ቢደውል አትቸኩሉ። የልጁን ድምፅ ሳትሰሙ ወይም ከሌላ ሰው ሳታጣሩ ገንዘብ አትላኩ። የጭንቀት ሰዓት የአታላዮች ገበያ ነው።

በዛሬው ጊዜ “ልጃችሁ የት ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የሚከብዳቸው ቤተ ሰቦችም አሉ። ልጃቸው ወታደር መሆኑን በጎረቤት ፊት መናገር ይፈራሉ፤ በቤተ ክርስቲያን እንኳ የጸሎት ርእስ ማቅረብ ይጨንቃቸዋል። እንዲህ ላሉት ጉባኤው ጥበበኛ ይሁን። ስም ሳይጠራ መጸለይ ይቻላል፤ እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል። ምሥጢር የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ማታ ቤታቸው ብቅ ብለው አብረው ቢቀመጡ ትልቅ አገልግሎት ነው። “ለምን ላካችሁት?” ብሎ መመርመር ግን የማናችንም ድርሻ አይደለም።

ስልኩ ሲደወል

አንድ ቀን፣ ምናልባት ባላሰባችሁት ሰዓት፣ በሰው ስልክ ይደውላል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ይኖረው ይሆናል። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቹ አሉ። ያን ጊዜ “የት ጠፍተህ ነው? ልትገድለን ነው እንዴ?” የሚለው ወቀሳ ከአፋችን ሊቀድም ይችላል። በሉቃስ 15 ያለው አባት ግን ልጁን ገና ከሩቅ ሳለ አይቶ ሮጠ እንጂ ጥያቄ አላስቀደመም።

እናንተም ወቀሳውን ተዉት። ደኅንነቱን ጠይቁት፣ ቤቱ ሰላም መሆኑን ንገሩት፣ መርቁት። ልጁም እኮ የእናንተን ድምፅ ሲጠብቅ ነው የከረመው።