ማርሚታ፦ አሠራሩና ጥገናው

ማርሚታ የመኪና ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠም ድምፅ ማፈኛ ነው። ጭስ ከሞተር የሚወጣው አንድ ወጥ ሆኖ ሳይሆን ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር እየፈነዳ ነው። በማርሚታው ሆድ ውስጥ ያሉት የተበሳሱ ቱቦዎችና ክፍሎች ጩኸቱን ወዲያና ወዲህ እያላተሙ ኃይሉን ያሳጡታል።

ዋናው ጠላቱ ዝገት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናው ረጅም መንገድ ሄዶ ቧንቧው በደንብ ከጋለ ውኃው ተኖ ያልቃል። እንደ ምሥራቅ ጎጃሟ አማኑኤል ባለ ብርዳማ ደጋ ግን መኪና ጠዋት ተነሥቶ ገበያ ደርሶ ሲቆም፣ ውኃው ከሞተሩ ርቆ በቀዘቀዘው ማርሚታ ውስጥ ይቀራል፤ ከጭሱ አሲድ ጋር ሆኖም ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከአዲስ አበባ–ባሕር ዳር አስፋልት ወጥቶ በከተማዋ ዙሪያ ወዳለው የማቻከል ወረዳ ገጠር ለሚገባ መኪና ደግሞ የክረምቱ ጭቃና የኮረኮንቹ ድንጋይ ይጨመርበታል።

በቤት ለመጠገን መኪናው በደልዳላ መሬት ይቆማል፤ ቧንቧው እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ጎማው ታኮ ይደረግበታል። በክሪክ ከተነሣ በኋላ ጠንካራ መቆሚያ ይገባለታል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ከዚያ ዝገቱን በብረት ብሩሽ አራግፎ ላሜራውን በመፍቻ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል ወይም ይሰረጉዳል።

የተበጠሰው የማንጠልጠያ ጎማ ብቻ ከሆነ አዲሱ ጎማ የሳሙና ውኃ ተቀብቶ በቀላሉ ይገባል። የዛገ ብሎን ግን በጉልበት ሲፈታ ስለሚቆረጥ፣ ማታ ማላቀቂያ ዘይት ቀብቶ ማሳደሩ ይሻላል። ትንሽ ቀዳዳ በላሜራ ተለጥፎ ይበየዳል። ለዚህ የቤት ቆርቆሮ አይሆንም፤ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ከብየዳ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፤ ነዳጅ ታንከሩ ቅርብ ከሆነ ማርሚታው ወርዶ ውጭ መበየድ አለበት። ሆዱ የበሰበሰ ማርሚታን መለጣጠፍ የገንዘብ ብክነት ነው፤ መለወጥ አለበት። አውጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ መተካትም ጥገና አይባልም፤ ለሰፈሩ ጩኸት ማትረፍ ነው።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ መጋጠሚያዎቹ ሳይግሉ የሳሙና ውኃ ይቀባሉ፤ አረፋ ከደፈቀ ጭስ ያመልጣል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ሊዘለል አይገባም። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በወለሉ ቀዳዳ ገብቶ፣ ብርዱን ሸሽተው መስኮት ዘግተው የሚጓዙትን ሰዎች ሊገድል ይችላል። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ሙቀት ያላላቸው ማሰሪያዎች እንደገና ይጠብቃሉ።