ሲጋራና ዝምተኛው ኩላሊት

ሲጋራ ሳንባን እንደሚጐዳ ያልሰማ ተማሪ የለም። ኩላሊትንም እንደሚጐዳ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህም ስለ ምን ሆነ ቢሉ፣ የታመመ ሳንባ በሳል ይናገራል፤ ኩላሊት ግን እየተጐዳም ዝም ይላልና ነው።

አንዱ ኩላሊት ወደ 150 ግራም ቢመዝን ነው። ይሁን እንጂ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንዱን እጅ፣ ይኸውም በየደቂቃው አንድ ሊትር ያህል፣ ሁለቱ ኩላሊቶች ይቀበላሉ። በያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቃቅን ማጥለያዎች አሉ። እነዚህም ከቀጫጭን የደም ሥሮች የተጐነጐኑ ሲሆኑ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጠላሉ፤ አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ ሽንት የሚሆነው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የደም ሥርን የሚነካ ነገር ሁሉ ኩላሊትን ሳይነካ አያልፍም።

ኒኮቲንን በ1828 እ.ኤ.አ. ፖሴልትና ራይማን የተባሉ ሊቃውንት በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከትምባሆ ለይተው አወጡት። ጢሱ በተሳበ በ20 ሰከንድ ውስጥ አንጐል ይደርሳል። ወዲያውም በኩላሊቶች አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ያን ጊዜ ሰውነት አውሬ እንዳየ ሰው ይሆናል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል። በሁለት ሰዓት ገደማ የኒኮቲኑ እኩሌታ ከደም ስለሚጠፋ፣ የለመደው እጅ እንደገና ወደ ፓኮው ይዘረጋል። ስለዚህ የአጫሽ ደም ሥር ቀኑን ሙሉ ሲጠብና ሲላላ ይውላል።

ጥፋቱ ግን የኒኮቲን ብቻ አይደለም። በጢሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል፤ ካድሚየም የተባለው ብረትም በኩላሊት ተጠራቅሞ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በዘመን ብዛት ማጥለያው ሲጐዳ በደም ውስጥ መቅረት የሚገባው ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ቢያጨስ ኩላሊቱ ፈጥኖ ይደክማል።

«እኔ አጨሳለሁ፤ ምንም አላመመኝም» የሚል ወጣት ይኖራል። ነገር ግን ኩላሊት ከኀይሉ ከእኩሌታው በላይ አጥቶ እንኳ ሕመም ላይሰማ ይችላል። ሕመም አለመሰማት የጤንነት ማስረጃ አይሆንም። የደም ግፊትን መለካት፣ ሽንትንና ደምን ማስመርመር ግን ዝምተኛውን ያናግረዋል።

የሞተ ማጥለያ ዳግመኛ አይበቅልም። ማጨስን የተወ ሰው ግን የቀረውን ያተርፋል፤ ብቻውን መተው ያቃተውም ሐኪም ይጠይቅ። የሚተወውም ዛሬ፣ ገና ጤነኛ ሳለ ይሁን።