የጄሎሶ ማይክሮፎን
ጆን ጄሎሶ በአርጀንቲና ከኢጣሊያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ በኒውዮርክ የራዲዮን ጥበብ ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ፣ ወደ አባቶቹ አገር ተመልሶ በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚላኖ ከተማ በስሙ የተጠራ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ከዚያም የወጡት ራዲዮኖች፣ ድምፅ መቅረጫዎችና ማይክሮፎኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በኢጣሊያ ምድር ሁሉ ስመ ጥር ሆኑ።

ከእነዚህም መካከል ዳይናሚክ የሚባለው ማይክሮፎን ከወንፊቱ በስተኋላ ስስ ሽፋን፣ ከሽፋኑም ጋራ የተጣበቀና በማግኔት ክፍተት ውስጥ የተንጠለጠለ ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለው። የዘፋኙ ድምፅ አየሩን አናውጦ ሽፋኑን ባርገበገበው ጊዜ፣ ጥቅሉ በማግኔቱ ኃይል መካከል ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ፣ እንግሊዛዊው ሊቅ ፋራዴይ በ1831 በገለጠው ሕግ መሠረት ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወለድበታል፤ ስለዚህም መሣሪያው የሚሠራበትን ኃይል ከውጭ አይሻም።

ይሁን እንጂ ሽፋኑና ሽቦው ክብደት ስላላቸው ረቂቁን ቀጭን ድምፅ ፈጥነው መከተል ይሳናቸዋል፤ የዚያ ዘመን ማይክሮፎንም አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን ድምፅ አጉልቶ የቀረውን ያደበዝዛል። ዛሬ በስቱዲዮ ያሉ አንዳንድ ባለሙያዎች የሚሹት ግን ይህንኑ ጉድለት ነው፤ እጅግ የጠራው አዲስ ማይክሮፎን የማይሰጠውን የአሮጌ ራዲዮ ጠባይ ለዜማው ያለብሰዋልና።

የጄሎሶን አሮጌ ማይክሮፎን ሊገዛ የሚወድ ሰው ግን አስቀድሞ ሽቦው አለመበጠሱን፣ ሽፋኑም አለመጨማደዱን ይመርምር፤ መሣሪያው ከዛሬው የመቅረጫ ሰሌዳ ጋራ የማይስማማ እንደ ሆነም ተስማሚ ትራንስፎርመር በመካከላቸው ያግባ።