ጥርስ መታጠብ ጥርስ ያነቃንቃል?

«ብቻ እንዳትታጠቢው፤ ጥርስሽን ያነቃንቁብሻል።» ድዷ እየደማ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ልትሄድ የተነሳች ሴት ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም የምትሰማው ይህን ነው። በቅርብ የማውቃቸው አንዲት እናት ምክሩን ሰምተው ለዓመታት በጨው ውኃ ሲጉመጠመጡ ቆዩ። ሐኪም ዘንድ የደረሱት የታች የፊት ጥርሶቻቸው በምላስ ሲነኩ መወዛወዝ ከጀመሩ በኋላ ነበር፤ የሚተርፉ ስላልነበሩ ተነቀሉ። ሰፈሩ ግን «ክሊኒክ ሄደው ጥርሳቸውን አጡ» አለ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ወሬው ሰውን ከሕክምና ያስቀራል፣ ከዚያ መዘግየቱ ያመጣውን ጉዳት ለራሱ ማስረጃ ያደርጋል።

እምነቱ ከምንም የተነሳ አይደለም። ታጥበው የወጡ አንዳንድ ሰዎች በእርግጥ ጥርሳቸው የላላ ይመስላቸዋል፣ በመሃሉ ክፍተት ያያሉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይነዝራቸዋል። ይህ ለምን ይሆናል? በጥርስ ላይ በየቀኑ የሚለጠፈው ለስላሳ የባክቴሪያ ሽፋን ካልተጠረገ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ በቀናት ውስጥ ይጠጥራል፤ ያኔ ታርታር ይባላል፣ ብሩሽም አያነሳውም፤ ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ሲታጠብ የሚነሳው ይኸው ነው። ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ቁጣው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ይሠራል፤ ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንትም እያለቀ ይሄዳል። በዚህ ደረጃ ጥርሶቹን አጣብቆ የሚያቆማቸው ታርታሩ ሊሆን ይችላል። ያዘመመ አጥር በባላ ተደግፎ እንደሚቆም ማለት ነው፤ ባላው ሲነሳ መዝመሙ ይታያል እንጂ አጥሩን ያዘመመው ባላውን ያነሳው ሰው አይደለም። ክፍተቱም ታርታሩ የያዘው ቦታ ነው። ንዝረቱ የሚመጣው የጥርሱ ሥር ስለተጋለጠ ሲሆን በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

«የማጠቢያው መሣሪያ የጥርሱን ልባስ ይፍቀዋል» የሚሉም አሉ። የጥርስ ልባስ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው፤ ማጠቢያው ደግሞ በፈጣን ንዝረትና በውኃ ታርታሩን የሚያስለቅቅ እንጂ የሚሞርድ አይደለም። ያልሠለጠነ እጅ ድድንና ሥርን ሊጎዳ እንደሚችል ግን አልክድም። ስለዚህ ጥያቄው ልታጠብ ወይስ ልተወው ሳይሆን ማን ይጠበኝ መሆን አለበት።

ሕመሙ ገና ድዱ ላይ ብቻ ሳለ ሙሉ በሙሉ ይድናል። በ1965 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ሐራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩም ወደ ጤናው ተመለሰ። አጥንት ከተነካ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ኪሱን በቀጭን መለኪያ ይለካዋል፤ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የጤና ነው፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ያሳስባል። የአጥንቱ መጠን በኤክስሬይ ይታያል። ከዚያ በማደንዘዣ ከድዱ ሥር ያለው ታርታር ይጸዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ኪሱ እንደገና ይለካል። ያልተዘጋ ጥልቅ ኪስ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። የጠፋው አጥንት ባብዛኛው አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ነው። ለዚህም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ እየተመላለሱ መታየት ያስፈልጋል።

«ድድ ሲደማ አትቦርሽ» የሚለው ነገሩን ያባብሳል። የሚያደማው የተከማቸው ቆሻሻ ነውና ለስላሳ ብሩሽ ይዞ በዝግታ መቀጠል ነው። መፋቂያም በደንብ ከተጠቀሙበት ጥሩ ነው፣ በጥርሶች መሃል ግን አይገባም። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ወይም ፍላጂል ገዝቶ መዋጥ ለጊዜው እብጠቱን ቢያስታግስ እንኳ ታርታሩ እዚያው ነው፤ ሕመሙ ይመለሳል። ድድ መነቀስ ድድን አያጠነክርም፤ ጥቁረቱ የድዱን መቅላት ይደብቃል፣ መርፌው ከሰው ሰው ከተጋራም ሄፓታይተስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጽንስም እንደሚባለው ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ድድ ቶሎ የሚቆጣው በሆርሞን ለውጥ ነው፤ ነፍሰ ጡር ጥርሷን ብትታጠብ ጉዳት የለውም።

የድድ ሕመም ከልብ ሕመም ጋር አብሮ መታየቱ ተደጋግሞ ተጠንቷል፤ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም። ከስኳር ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት የጠነከረ ነው፦ ስኳሩ ሲበዛ ድዱ ይጎዳል፣ የተቆጣ ድድም ስኳሩን መቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ ደግሞ የድዱን ደም ስለሚቀንስ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ የሚያጨስ ሰው ድዴ አይደማም ብሎ ሳይዘናጋ ኪሱን ያስለካ።