ያገለገለ አውቶሞቢል ከመግዛት በፊት የኋላ ታሪኩን ስለ መመርመር

አንድ ቤተሰብ ያገለገለ አውቶሞቢል ለመግዛት ሲነሣ ገንዘቡን ያጠራቀመው በአንድ ቀን አይደለም። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የዕቁብ ዕጣ አለ፤ በዓረብ አገር የምትሠራ እኅት ከደመወዟ ቆርጣ የላከችው አለ፤ ለቤት ዕድሳት ታስቦ ለጊዜው ይቆይ የተባለም አለ። እንዲህ በትዕግሥት የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ በደላላ አንደበት ተመርቶ፥ ቀለሙ በሚያብለጨልጭ መኪና ይለወጣል። ገንዘቡን ለማጠራቀም አራት ዓመት የታገሠ ሰው መኪናውን ለመመርመር አራት ቀን መታገሥ ሲያቅተው አይተናል፤ እኛም ራሳችን አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆነናል።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ በዕድሜ በገፉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪኖች ዕድሜያቸው እየገፋ ሳለ ፈላጊያቸው አልቀነሰም፤ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋሉ። አምስትና ስድስት ባለቤት ያሳለፈ መኪና ማግኘት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛ ሰው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የእነዚያን ሰዎች ሁሉ አያያዝ፥ አደጋና ዕዳ አብሮ ይገዛል።

ባለፈው ዓመት በሠፈራችን የሚኖሩ አንድ መምህርና ባለቤታቸው «እናንተ ከዚህ ቀደም ገዝታችሁ ታውቁታላችሁና አብራችሁን ኑ» ብለው ጠሩን። የሚታየው መኪና ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ነበር። ደላላው ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፥ «ጋሼ፥ ይቺ የአንዲት ወይዘሮ መኪና ናት፤ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሄዳ አታውቅም። እትዬ፥ እስቲ ውስጧን ይዩት!» አለ። ይህን ወይዘሮ እኛም ከዚህ በፊት ሰምተናታል፤ በከተማው ውስጥ ያለ ያገለገለ መኪና ሁሉ የእርሷ ሳይሆን አይቀርም። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ታጥቦ እንደ ብር ያበራ ነበር፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም 92 ሺህ ይላል። መምህሩ ፈገግ ብለው ባለቤታቸውን ተመለከቱ።

እኛ ግን የነጂውን በር ከፍተን የመቃኑን ጎን ጎንበስ ብለን አየን። ዘይት የሚቀይሩ ጋራዦች ዘይቱ የተቀየረበትንና ወደ ፊት የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር የሚጽፉባት ትንሽ ወረቀት አለች፤ አንዳንዱ በበሩ መቃን ላይ ይለጥፋታል፥ አንዳንዱ ከኮፈኑ ሥር ያንጠለጥላታል። በዚህ መኪና ላይ ግማሽዋ ተቀዶ ግማሽዋ ቀርታ ነበር፤ በቀረው ላይ በቢክ የተጻፈው ቁጥር 187,400 ይላል። ደላላውን ብንጠይቀው፥ «የሌላ መኪና ወረቀት ይሆናላ!» ብሎ ሣቀ። የሌላ መኪና ወረቀት በዚህ መኪና በር ላይ ለምን እንደሚለጠፍ ግን አልነገረንም።

የኪሎ ሜትር ቁጥርን ወደ ኋላ መመለስ ያረጀ ማታለል ነው። የድሮ መኪኖች ቁጥራቸው በጥርስ የሚዞር ስለ ነበር፥ በእጅ የተነካ እንደ ሆነ ቁጥሮቹ በአንድ መሥመር ሳይሰለፉ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ቁጥሩን በኤሌክትሮኒክ ስለሚይዙት፥ መሣሪያው ያለው ሰው በጥቂት ደቂቃ ይለውጠዋል፤ ገዢውም በዓይኑ የሚያየው ምልክት አይኖርም። በአንዳንድ መኪኖች ኪሎ ሜትሩ በሌላ ክፍል ጭምር ተመዝግቦ ስለሚቀር፥ የመመርመሪያ ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛውን ያገኘዋል። ይህ ባይቻል እንኳ የሰው እጅና እግር የነካው ቦታ ይናገራል። በ92 ሺህ ኪሎ ሜትር የፍሬን መርገጫ ጎማ እስከ ብረቱ አያልቅም፤ የመሪው ቆዳ አይላጭም፤ የነጂው ወንበር ጠርዝ፥ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚታሸው በኩል፥ ተሰብሮ አይዘምም። በዚያ ኮሮላ የመሪው ልባስ አዲስ ነበር፤ የመርገጫው ጎማም አዲስ ነበር። ልባሱን ገለጥ ብናደርገው ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቋል።

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ አላቸው። በዚያ አገር በ1972 እ.ኤ.አ. የኪሎ ሜትር ቁጥርን ለማታለል መለወጥን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ወጥቷል፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህም እያንዳንዱ መኪና 17 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር እንዲኖረው ተደርጓል። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል «አይ»፥ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ገዢው በዚህ ቁጥር ጠይቆና ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ፥ መኪናው በየጊዜው የተመዘገበበትን ኪሎ ሜትርና የደረሰበትን አደጋ፥ በኢንሹራንስ «ሳልቬጅ» ተብሎ ተጥሎ እንደ ሆነም ያነባል፤ ወሬው ያልደረሰ አደጋ ግን በዚያም መዝገብ አይገኝም። ከጃፓን ጨረታ የተገዛ መኪናም የጨረታ ወረቀት አለው፤ በወረቀቱ ላይ መርማሪ ለመኪናው ነጥብ ይሰጣል፥ ክፉ አደጋ ደርሶበት የተጠገነውንም «አር» በሚል ፊደል ያመለክተዋል። ይህን ወረቀት ያስቀመጠ ሻጭ እኛ ያጋጠመን ጥቂት ነው፤ መጠየቁ ግን አይጎዳም። በአገራችን የመኪናው ታሪክ እንዲህ በአንድ ጥራዝ ተሰብስቦ ስለማይቀርብ ገዢው ከብረቱ፥ ከወረቀቱና ከሰው አፍ ለቃቅሞ ራሱ ይጽፈዋል።

ከብረቱ እንጀምር። መኪናውን በቀን ብርሃን፥ ደርቆ ሳለ ማየት ይገባል፤ ዝናብና የምሽት መብራት የቀለምን ጉድለት ይሸፍናሉ። በባትላሜራ የተቀጠቀጠ በር ስቱኮ ተሞልቶ ይቀባል፤ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ወፍራም ስቱኮ ባለበት አትይዝም፥ በደህናው ብረት ላይ ግን ትጣበቃለች። መስተዋቶቹ ሁሉ በማዕዘናቸው የፋብሪካ ምልክት አላቸው፤ አምስቱ የአንድ ፋብሪካ ሆነው ስድስተኛው የሌላ ከሆነ ያ መስተዋት ለምን እንደ ተለወጠ ይጠየቅ። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ቢያወጡት በብዙ መኪኖች የተሠራበት ዓመት በጨርቅ ምልክት ላይ ተጽፎ ይገኛል። የጎማም ዕድሜ በጎኑ ባሉት አራት አኃዞች ይታወቃል፤ 3218 ቢል በ2018 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ ደላላ የሚናገረው ዓመት አንዳንድ ጊዜ መኪናው ወደ አገር የገባበት ዓመት ነው፥ አንዳንድ ጊዜም በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ አይለይም። በሁለቱ መካከል ያለው ሰባትና ስምንት ዓመት ለመኪና ብዙ ነው።

ያ የወንበር ቀበቶ ሌላም ምስክርነት አለው። በጎርፍ የተዋጠ መኪና ወንበሩ ይታጠባል፥ ምንጣፉም ይለወጣል፤ ከቀበቶው መጠቅለያ ውስጥ የገባው ጭቃ ግን ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ መሥመር አስምሮ ይቀራል። ከወንበሩ ሥር ያሉት ሐዲዶችም ይዝጋሉ። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. በዱባይ ከባድ ዝናብ ጥሎ እጅግ ብዙ መኪኖች በውሃ ተውጠው እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ከዚያ አገር የመጣ መኪና ሁሉ የተበላሸ ነው አንልም፤ ቀበቶውን መሳብ ግን ገንዘብ አያስከፍልም። በተለይ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ቸል አይበል፤ በዚያ መኪና ከዋጋው ትልቁ ድርሻ ባትሪው ነውና፥ የባትሪው ጤና ከመቶ ስንት እንደ ቀረ በመሣሪያ ተለክቶ ሳይታይ ዋጋ መነጋገር ከንቱ ነው።

እንደዚሁም ጃፓን ለራስዋ የምትሠራቸው መኪኖች መሪያቸው በስተቀኝ ስለሆነ፥ ለእኛ መንገድ ሲባል መሪው ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ያጋጥማል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል፤ መሪው በግራ ሳለ መጥረጊያዎቹ ለቀኝ ነጂ እንደ ተሠሩ ይቀራሉና። ሥራው በጥሩ እጅ ከተሠራ መኪናው ይሄዳል፤ ነገር ግን የመሪው ዘንግና የፍሬኑ ቧንቧ የት እንደ ተቆረጠና እንዴት እንደ ተገጠመ ሳያዩ ልጆችን አሳፍሮ ቁልቁለት መውረድ አይገባም።

የቀረውን ለመካኒክ እንተወዋለን፤ መካኒኩን ግን ገዢው ይምረጥ እንጂ ሻጩ አይምረጥ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘ ጊዜ ጧት ይነሣ። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደሚቃጠል፥ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ ያመለክታል። ሻጩ ሞተሩን ቀደም ብሎ አሙቆ ከጠበቀ በሌላ ቀን መመለስ ነው።

ከብረቱ ይልቅ ቤተሰብን የሚያፈርሰው የወረቀቱ ነገር ነው። በሊብሬው የተጻፈው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸር፤ ቁጥሩ የተቀረጸበት ብረት የተፋቀ፥ የተበየደ ወይም ብቻውን አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ከዚያ ወዲያ መነጋገር አያስፈልግም። ሞተሩ ተለውጦ እንደ ሆነ ነውር የለበትም፤ ለውጡ ግን በሊብሬው ይመዝገብ። ቦሎው የዚህ ዓመት መሆኑ ይታይ። ከሁሉም በላይ መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ድረስ ሄዶ ፋይሉ በፍርድ ቤት የታገደ፥ ለባንክ ብድር የተያዘ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት ያለበት መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። ሻጩ አብሮ ለመሄድ «ጊዜ የለኝም» ቢል ይህም ራሱ መልስ ነው።

ወደ መምህሩ እንመለስ። ሊብሬውን ብናየው በላዩ የተጻፈው ስም የሚሸጠው ሰው ስም አልነበረም፤ የወይዘሮም ስም አልነበረም። ሻጩ «ውክልና አለኝ» ብሎ ወረቀት አወጣ፤ ወረቀቱም ስድስት ዓመት ያለፈው ነበር። ብዙ ሰዎች የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለማዳን ሲሉ መኪና በውክልና ገዝተው እንዲሁ ይነዳሉ፤ በውክልናም መልሰው ይሸጣሉ። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚቀር ይደነግጋል። ያን ጊዜ ባለ ገንዘቡ ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሊንከራተት ነው። ባለቤቱ በሕይወት ቢኖርም ባለ ትዳር እንደ ሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረትን አንደኛው ወገን ብቻውን እንዳይሸጥ ይከለክላልና።

የመምህሩ ባለቤት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። አሁን ግን ሊብሬውን ተቀብለው ስሙን ጮክ ብለው አነበቡና፥ «እኒህ ሰው የት ይገኛሉ? እርሳቸውን ሳናነጋግር አንገዛም» አሉ። ሻጩ ደላላውን አየ፤ ደላላውም መሬቱን አየ። በመጨረሻ ሰውዬው ከሁለት ዓመት በፊት ማረፋቸው ታወቀ። መምህሩ ለቀብድ በፖስታ ያዘጋጁት ገንዘብ በኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ኪሳቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ኮሮላ ገዙ። ይህኛው ከመጀመሪያው በአራት ዓመት ያረጀ ነው፤ በስተኋላ በኩል ፓራውልቱ ተጭሯል፥ አንድ በሩም ሁለት ጊዜ ሳይመታ አይዘጋም። የሸጡላቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ዘይት የተቀየረበትን ቀን ሁሉ በተማሪ ደብተር ጽፈው አስቀምጠው ነበር፤ ባለቤታቸውንም ይዘው ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት መጥተው ፈረሙ። መቁጠሪያው 214 ሺህ ይላል፤ ደብተሩም እንዲሁ ይላል።