አንዱ ዲስክ ሲወድቅ መዝገቡ እንዳይጠፋ

የተጠቃሚዎች ዝርዝር፣ የውኃ ተቋማት መረጃና የሒሳብ ሰነድ ዛሬ በአብዛኛው የሚቀመጡት በኮምፒውተር ነው። ሃርድ ዲስክ ግን እንደ ማንኛውም መሣሪያ ያረጃል፤ እንደ ሸዋ ሮቢትና እንደ ይፋት ቆላ ባለ ሞቃት ስፍራ፣ ሙቀቱ፣ አቧራውና የመብራት መቆራረጡ ተደማምረው ዕድሜውን ሊያሳጥሩት ይችላሉ። ከዲስኩ ጋር የሚጠፋው መረጃ የመስኖ ውኃ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ስም ሊሆን ይችላል።

ለዚህ አንዱ መፍትሔ «ሬይድ 1» የሚባለው የመንታ ዲስክ አሠራር ነው። «ሬይድ» የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቁት በ1988 እ.ኤ.አ. የበርክሌይ ተመራማሪዎች ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ናቸው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሥራው በሌላው ይቀጥላል። የሊኑክስ ሥርዓት ይህን በሶፍትዌር ስለሚያከናውን ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ዲስክ ሲወድቅ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ በቀረው ዲስክ ላይ ያለውን መረጃ ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ በእኩል ዘመን የተገዛ መንታ በጥገናው መካከል ሊወድቅ ይችላልና። ቀጥሎ የተበላሸው ዲስክ በመለያ ቁጥሩ ይረጋገጣል፤ ጤነኛውን በስሕተት ማውጣት ጉዳቱን ያከፋዋል። ከዚያም የተበላሸው ከጥምረቱ ተሰርዞ ይወጣል፤ መጠኑ የማያንስ አዲስ ዲስክ ይተካል፤ እንደ ነባሩም ተከፋፍሎ ወደ ጥምረቱ ይጨመራል። ቅጂው ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ ጋር ማገናኘት ይበጃል። በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ከአዲሱም ዲስክ መነሣት እንዲችል የማስነሻው ፕሮግራም ይጫንበታል።

ይሁን እንጂ መንታ ዲስክ መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በስሕተት የተሰረዘ ሰነድ ከሁለቱም ላይ ወዲያው ይሰረዛል፤ እሳትና ሌባም ሁለቱን በአንድነት ይወስዳሉ። በ2013 ዓ.ም. በግጭት የተቃጠለችው ጎረቤታችን አጣዬ፣ በአንድ ሕንፃ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደ ሆነ ታስገነዝባለች። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡ ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጡ የተደረገው ስለዚህ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የዲስኮቹን ሁኔታ በየሳምንቱ ሊመለከት፣ አንድ ቅጂም በሌላ ከተማ ሊያኖር ይገባዋል።