ጋቢው ይገለጥ፣ ትንፋሹ ይቆጠር

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በእሷም ሆነ ከጉና ግርጌ በተዘረጋው የፋርጣና የጋይንት ደጋ ሕፃን ሲያስል ቤተሰቡ ለማልበስ ይጣደፋል፤ በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ምድጃው ያስጠጋዋል፤ «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» ይላል። ብዙ ጊዜም ይለቀዋል፤ አብዛኛው የሕፃናት ሳል ከቫይረስ የሚመጣ ጉንፋን ነውና ያለ መድኃኒት ይድናል። ክፋቱ የሳንባ ምችም ሲጀምር ጉንፋን መምሰሉ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከሳሉ ብርታትና ከትኩሳቱ ግለት ይልቅ አተነፋፈሱን ማየት ይበልጣል፤ እሱን ደግሞ ጋቢው ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ጋቢው ለአንድ ደቂቃ ይገለጥ። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ የሆዱና የደረቱ ከፍ ዝቅ ማለት ደቂቃው እስኪሞላ ይቆጠር፤ የእጅ ስልክ ሰዓት ይበቃል። 2 ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ በዚያው ቀን በባለሙያ መታየት አለበት። አየር ሲያስገባ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ደግሞ ነገሩ ከብዷል፤ ልጁ ለመተንፈስ እየታገለ ነው። መጥባት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን መንጋቱን መጠበቅ አይገባም። ጨቅላ ሲታመም ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ ሰውነቱ መቀዝቀዙም የአደጋ ምልክት ነው።

በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሕፃናት ፈጠን ብለው ይተነፍሳሉ፣ ቁጥሩ ያሳስታል የሚል ሰው ይኖራል። መሠረት ያለው ሙግት ነው፤ ትኩሳትም ትንፋሽ ያፈጥናል። ነገር ግን የሁለቱ ስሕተት ዋጋ አይተካከልም፦ ጤነኛ ልጅ በከንቱ ቢታይ የቤተሰቡ ግማሽ ቀን ይባክናል፤ ሳንባው የታመመው ቤት ቢቀር ግን ሊሞት ይችላል። ከሲማዳ ወይም ከእስቴ ገጠር ሕፃን አዝሎ ደብረ ታቦር መድረስ ከባድ መሆኑም እውነት ነው። ሆኖም ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ጤና ኬላ ከባድ ያልሆነውን የሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ምልክቱ ከታየባቸው ሕፃናት ለሕክምና የተወሰዱት ሲሶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በእኔ እምነት ይህን ርቀት ብቻውን አያስረዳውም፤ ምልክቱን አለመለየትም ድርሻ አለው።

ማሞቅ ይቅር አልልም። ሕፃኑ ይሙቅ፣ ከጭሱ ግን ይራቅ፤ ጭሱ የመተንፈሻ አካሉን ይጎዳል፣ ለሳንባ ምችም ያጋልጠዋል። ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥ። ካለፈው ሕመም የተረፈ አሞክሳሲሊን ጉንፋንን አያድንም፤ እንጥል ማስቆረጥም ሳል አያድንም፣ ይልቁንም ያደማል፣ ያመረቅዛል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዋነኛውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣል። ቀኑ ያለፈበት ልጅ ያላችሁ፣ በዚሁ ሳምንት ካርዱን ይዛችሁ ጤና ኬላ ሂዱ።